ያበጠርኩት ጠጠር

ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዕድሜዬን አስልቼ የምኖር ሴት አይደለሁም፤ ያን ዓመት ግን በገዛ እጄ የሥራ ቅጽ ላይ ስለሞላሁት አልረሳውም። ባሌ ከሞተ ሦስት ክረምት አልፎ ነበር። ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ለሹፌርና ለተሳፋሪ ሻይና አምባሻ እየሸጥኩ እኖራለሁ። እናቴና ታላቅ ወንድሜ ከላይ፣ ከደብሩ አጠገብ ናቸው። ከኔ ቤት እዚያ ለመድረስ አንድ ሰዓት ሙሉ ዳገት ነው። በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ። ጭቃው ደግሞ እንደማንኛውም ጭቃ እንዳይመስላችሁ፤ ጫማ ነጥቆ የሚያስቀር፣ የተጫነ በቅሎ የሚያንበረክክ ቀይ ጭቃ ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት እናቴ ሆዷን ታማ አራት ሰዎች በቃሬዛ ይዘዋት ሲወርዱ፣ ከፊት ያሉት ሁለቱ ተንሸራተው ወደቁ። እናቴ ከነቃሬዛው ተንከባልላ ስትሄድ ገደሉ አፍ ላይ አንድ ግራር ያዛት። ነፍሷ ተረፈች። ዳሌዋ ግን ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ምርኩዝ ቆማ አታውቅም። ስለዚህ የዚያ መንገድ ነገር በተነሳ ቁጥር እኔ የያዝኩትን ጥዬ ነው የምሰማው።

ነገሩ የጀመረው አስፋልት የሚፍቀው ማሽን የመጣ ጊዜ ነው። ዋናው መንገድ አርጅቶ፣ ተቦርቡሮ፣ መኪናው ሁሉ መሀሉን ትቶ ዳር ዳሩን ነበር የሚሄድ። ማሽኑ ያን ጥቁር ቆዳ እየገፈፈ፣ እየፈጨ፣ ከፊቱ ያለ ገልባጭ መኪና ላይ ይተፋዋል። ፍቅፋቂውን ሁሉ አምጥተው ከመንደራችን በታች ባለው የግጦሽ ሜዳ ላይ ከመሩት። ከሩቅ ያየው ሰው ሌላ ጉብታ የበቀለ ነው የሚመስለው። ፀሐይ ሲመታው ይሸታል። ላም ሄዳ አሽትታው ስትመለስ ስታስነጥስ አይቻለሁ።

ከዚያ ወሬው ወጣ። ወደ ደብሩ የሚወጣው የኛ መንገድ ሊሠራ ነው ተባለ። በጨረታው ብዙ ገብቶ በመጨረሻ ሁለት ኮንትራክተር ቀረ። አንደኛው ከሩቅ የመጣ ነው፤ ያን ጥቁር ፍቅፋቂ ከአዲስ ጠጠር ጋር ደባልቄ ለመንገዱ መደላድል አደርገዋለሁ ይላል። ሁለተኛው ያገራችን ሰው ነው። እሱ ደግሞ፣ "እናንተን በሰው ትራፊ ላይ አላስኬድም፤ ከራሳችሁ ተራራ አዲስ ድንጋይ አወጣለሁ" አለ። ተራራ ያለው ወንድሜ ከአባታችን የወረሰውን ቋጥኝ ነው። ወንድሜ የድንጋይ ካባውን ከፍቶ ማውጣት ከጀመረ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ሰውየው ካሸነፈ ወንድሜ የካባው አለቃ ይሆናል፤ ሃያ ሰው ያሠራል። ይህ ለወንድሜ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። አሥረኛ ክፍልን ጨርሶ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያለ ሥራ ማሳ ዳር የተቀመጠ ሰው ነው።

መንደሩ ማንን እንደመረጠ መጠየቅ አያሻም። ወፍጮ ቤት ተሰልፈን አንዷ ጎረቤቴ እንዲህ ትላለች፦

"ለነሱ አዲሱ ይነጠፍላቸዋል፣ ለኛ የነሱ ቅርፊት!"

"ሰልባጅ ልብስ ለበስን፣ ሰልባጅ ጫማ ተጫማን፣ እንግዲህ በሰልባጅ መንገድ ሄደን ቤተክርስቲያን ልንስም ነዋ" አለች ሌላዋ።

ከዚያ በኋላ ስሙ ሰልባጅ መንገድ ሆኖ ቀረ። እኔም ከነሱ ጋር ስቄያለሁ። እውነቱን ልናገር እንጂ፣ በጣም ነው የሳቅኩ።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ከዩኒቨርሲቲ የተላከች አንዲት ወጣት ኢንጂነር መጣች። ያረጀ አስፋልት ለገጠር መንገድ ይሆን እንደሁ ልታጠና ነው አሉ። ሜዳው ዳር ኮንቴይነር አቁመው ላቦራቶሪ አደረጉላት። ዕቃው እዚያ ስላለ፣ ጨረታውን የሚገመግመው ቢሮም የሁለቱን ኮንትራክተሮች ቁሳቁስ እሷው ትፈትን አለ። ያለፈው ሥራውን ይወስዳል፤ ሁለቱም ካለፉ ያገር ልጅ ይቀድማል። ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ልጅቷን ጠላት። ሰላምታዋን ሰምተው ዝም ይሏታል፤ ውሃ ስትጠይቅ እንስራው ባዶ ነው ይሏታል። እሷም ብትሆን ፊቷን ፈትታ የምትሄድ አልነበረችም።

አንድ ጠዋት ቤቴ ሻይ ልትጠጣ ገባች። እኔ ዱቄት እየነፋሁ ነበር። ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ እጄን ስታይ ቆየችና፣

"እትዬ፣ እንዲህ ያለ ሥራ በጠጠር ላይ ትሠሪያለሽ?" አለችኝ።

"ጠጠር ጋግሬ ላበላሽ ነው?"

አልሳቀችም። "ማንበብ ትችያለሽ?" አለች።

ከቦርሳዋ የወጣውን ወረቀት ተቀብዬ ከላይ እስከታች አነበብኩላት። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ወንድሜ ሲማር ያለቀ ደብተሩን እየሰጠኝ፣ ጣቴን ይዞ ሀሁ ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የዘይት ጀሪካን ላይ ያለውን፣ የመድኃኒት ወረቀቱን፣ ያገኘሁትን ሁሉ ለብቻዬ እያነበብኩ ነው እዚህ የደረስኩት። ልጅቷ ይህን አልጠየቀችኝም። "ነገ አንድ ሰዓት ላይ ነይ" ብላኝ ወጣች።

ሄድኩ። ሄድኩና መንደሩ እኔንም ተወኝ። በማግስቱ ወፍጮ ቤት ስገባ ወሬው ቀጥ አለ።

"ኧረ ለአስፋልቷ እመቤት ቦታ ልቀቁላት!" አለ ባለወፍጮው።

"ባል ስታጣ ክምር አገባች" አለች ያቺው ጎረቤቴ። እህሌን ሳላስፈጭ ተመለስኩ።

ሥራው ግን ወደደኝ፤ እኔም ወደድኩት። ወንፊቶቹ የናስ ናቸው። ዓይነ ሰፊው ከላይ፣ ዓይነ ጠባቡ ከታች ሆኖ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደራል። የመጨረሻው ከነጠላ የሳሳ ነው። ከሱ በታች ሳህን አለ። የደረቀውን ጠጠር ከላይ ጨምሮ መነቅነቅ፣ በየወንፊቱ የቀረውን መመዘን፣ ቁጥሩን መጻፍ ነው። ነቅናቂ ማሽኗ መብራት በጠፋ ቁጥር ስለምትቆም፣ ማሽኗ እኔ ሆንኩ። ከዚያ ሌላ ደግሞ ጠጠሩን በብረት ቆርቆሮ ደቅድቃ አራት ቀን ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች፤ አብጦ፣ ለስልሶ እንደሁ ለማየት ነው።

ልጅቷ ስታሠራ አፏ መራራ ነው። አንድ ቀን፣ ገና ከሌላ ካባ የመጣ ጠጠር በአካፋ ከምራ፣ ክምሩን እንደ ዳቦ በአራት ቆርሳ፣ ሁለቱን ስትይዝና ሁለቱን ስትጥል አይቼ፣

"እንዴት ነው ደህናውን ከመጥፎው ሳትለዪ የምትጥዪው?" አልኳት።

"ዝም ብለሽ ጣዪው" አለች ቀና ሳትል። "ቁጥር ነው ከአንቺ የምፈልገው፤ አስተያየት አልጠየቅኩሽም።"

ተናደድኩ። በዕድሜ ታናሼ ናት። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም አልጠይቃትም አልኩ፤ አልጠየቅኳትምም። እንግዲህ ጥፋቱ ከዚህ ጀመረ።

የወንድሜ ካባ ናሙና የመጣ ሰሞን ልጅቷ ለስብሰባ ተጠርታ ላሊበላ ወርዳ ነበር። "ሦስት ጆንያ ይመጣል። አድርቀሽ፣ ነፍተሽ፣ መዝነሽ ጠብቂኝ" ብላኝ ሄደች። ወንድሜ ራሱ በአህያ ጭኖ አመጣው። ላቡን እየጠረገ፣

"እታለም፣ እንግዲህ ነገራችን በእጅሽ ነው" አለኝ።

"ድንጋይህ ጥሩ ከሆነ ምን ያስፈራሃል?"

"ድንጋዬማ ብረት ነው!" ብሎ ሳቀና ሄደ።

ጆንያውን ፈትቼ ሳየው አፈርኩ። ድንጋዩስ ድንጋይ ነው፤ ጠንካራ፣ ሰማያዊ። ግን በአፈር ተለውሷል። የቀይ አፈር ጓል፣ በእጅ ሲይዙት የሚፈረፈር ልል ድንጋይ፣ ሥራሥር፣ ምኑ ቅጡ። እናንተ ሴቶች ታውቁታላችሁ፤ ከቤታችሁ እህል ወደ ሰው ቤት ሲሄድ ሳይለቀም፣ ሳይበጠር ይሄዳል? ቤተሰቧን የምታዋርድ ሴት ናት እንዲያ የምታደርግ። የቅዳሴ ስንዴ ቢሆን፣ የድግስ ጤፍ ቢሆን፣ እንክርዳዱን ነቅሳ፣ አፈሩን አበጥራ ነው የቤቷን ስም የምትልክ። ያቺ መራራ ልጅ መጥታ የወንድሜን ጠጠር አይታ አፍንጫዋን ስትነፋ ታየኝ። ቤቴ ሄጄ ሰፌዴን አመጣሁ። ሁለት ቀን ሙሉ፣ ኮንቴይነሩ ጥላ ሥር ተቀምጬ ጓሉን ለቀምኩ፣ ልሉን ነቀስኩ፣ ቀሪውን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጠብቄ አበጠርኩት። ቀዩ ብናኝ ሜዳውን አቋርጦ ሲሄድ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወንፊት ላይ ጣልኩት፤ መዝኜ ጻፍኩ። የቀረውን ንጹሁን ለዘፈዘፋው አስቀመጥኩላት።

ጥቁሩን ፍቅፋቂ አላበጠርኩትም። ምኑ ይበጠራል? እርስ በርሱ የተጣበቀ ነገር ነው፤ ደግሞም የማንም ቤት አይደለም።

ልጅቷ ተመልሳ ቁጥሩን አየች። ደግማ አየች። ዘፈዘፈችው፤ አራት ቀን ቆይቶ ወጣ፤ ቅንጣት አላበጠም። ሁለቱም ቁሳቁስ አለፈ ተባለ። ሁለቱም ካለፉ ደግሞ ያገር ልጅ ይቀድማል። ሐሙስ በሚደረገው ስብሰባ ይነገራል፣ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው አሉ።

መንደሩ እንዴት እንደፈነደቀ! ባለወፍጮው ራሱ ቤቴ ድረስ መጥቶ እህልሽን ያለ ተራ እፈጭልሻለሁ አለኝ። ልጅቷ በመንገድ ስታልፍ ሴቶቹ እልል ይሉባታል። "ሰልባጅሽን ጭነሽ ሂጂ!" ይሏታል። እሷ አንገቷን ደፍታ ኮንቴይነሯ ውስጥ ትገባለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሳህኖቹን ሳጥብ ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር አስቀምጣ ትክ ብላ ታያለች። የወንድሜ ድንጋይ ከወንፊቱ ሁሉ አልፎ ሳህኑ ላይ የቀረው ብናኝ ነው፤ ቁንጥር የማይሞላ።

"ምነው?" አልኳት ሳላስበው።

ያን ቀን ምን እንደነካት እንጃ መለሰችልኝ። "ይሄ አይገባኝም" አለች። "ከተራራ የተቆረጠ ድንጋይ እንዲህ አይጸዳም። መንገድ የሚያጠፋው ይሄ ብናኝ ነው፤ አፈሩ። ሲበዛ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ከላዩ ያለውን ሁሉ ጭቃ ያደርገዋል። እኔ የምፈልገው የድንጋዩን መልክ አይደለም። ቆሻሻው ምን ያህል እንደሆነ ነው የምለካው።"

እጄ ላይ ያለው ሳህን ከበደኝ። ቆሻሻውን ነው የምትለካው። እኔ ደግሞ ቆሻሻውን ሜዳ ለሜዳ በትኜዋለሁ። ሳህኑን ማጠቤን ቀጠልኩ። ወንድሜ ታየኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካባው ድረስ ወጣሁ። ወንድሜ ብቻውን ነበር፤ ሰንበት ነውና የተፈለጠውን ድንጋይ እየዞረ ያያል።

"ምነው ፊትሽ?" አለኝ።

"ያን ጠጠር አበጥሬዋለሁ።"

"የቱን?"

"ያንተን። ጓሉን ለቅሜ፣ አፈሩን በሰፌድ አበጥሬ ነው የነፋሁት።"

ከልቡ ሳቀ። "ታዲያ ምን አጠፋሽ? ለሰው የሚሰጥ ነገር ጸድቶ አይደል የሚሰጠው!"

"መንገዱ ላይ ሲደፋ ማን ያበጥረዋል?"

ሳቁን አቆመ። ቀና ብሎ ወደ ደብሩ፣ ቁልቁል ወደ አስፋልቱ አየ። ማንም የለም።

"ማን አየሽ?"

"ማንም።"

"እንግዲያ አልሆነም በዪዋ።"

"ወንድምዓለም፣ እናታችን የወደቀችበት ጭቃ እኮ ነው። ያው አፈር ነው። መልሰን ልናነጥፍላት ነው?"

"እናታችንን አታንሺብኝ!" ጮኸ። "የተሸከምኳት እኔ ነኝ! ከፊት የነበርኩ እኔ ነኝ! የኔ እግር ነው የከዳት፤ አንቺ ታች ሻይ ስታፈዪ!"

ይህን ነገር ባፉ ሲያወራ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። "ሰውየውን ለምነው። ይታጠብ በለው፤ ድንጋዩ እኮ ታጥቦ ይሆናል" አልኩ።

"በምን ውሃ? ላስታ ላይ ድንጋይ የሚታጠብበት ውሃ አለ? ልጅ የሚታጠብበት መቼ ሞላን!" ድንጋይ አንስቶ ቁልቁል ወረወረ። "ስሚ። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝ። በዚያው ፊደል ልትቀብሪኝ ከሆነ ዛሬውኑ ንገሪኝ። ሐሙስ ካፍሽ አንዲት ቃል ብትወጣ እኔ እህት የለኝም።"

ስወርድ እናቴ ጋ ጎራ አልኩ። ደጃፍ ላይ በምርኩዟ ተደግፋ ከግድግዳው ወደ በሩ ለመሄድ አራት ጊዜ ስታርፍ አየኋት። ምንም አልነገርኳት። እሷም የሰማችው ነገር ሳይኖር አልቀረም፤ "ልጆቼ፣ እኔ እያለሁ እንዳትጣሉ" አለችኝ። ያንን ነው የጠየቀችኝ። ሌላ ነገር ብትጠይቀኝ ደስ ባለኝ።

ሐሙስ ቤተክርስቲያኑ ውጭ፣ ጥዱ ሥር ተሰበሰብን። ከቢሮው የመጡ ሦስት ሰዎች፣ ሁለቱ ኮንትራክተሮች፣ የደብሩ አለቃ፣ ቀሪው ሕዝብ ነው። ልጅቷ ወረቀቷን አነበበች። ያገራችን ሰው ገና ሳትጨርስ እየተነሳ እጅ ይነሳል። "ተቃውሞ ያለው?" አለ ከቢሮው የመጣው። ለወጉ ነው ያለው። ተነሳሁ።

"እኔ አለኝ" አልኩ። "የካባው ጠጠር የተፈተነው እንደመጣ አይደለም። እኔ አበጥሬዋለሁ።"

መጀመሪያ አልገባቸውም። እንዴት እንዳደረግኩት ስናገር ግን ጥዱ ሥር ንብ የተነሳ መሰለ።

"ተቀመጪ!"

"ሂጂና ሻይሽን አፍዪ!"

"ስንት ሰጡሽ? ንገሪና!"

"ወንድሟን እኮ ነው! የናቷን ልጅ!"

ያገራችን ሰው ፈገግ ብሎ፣ "እህታችን ሥራ ደራርቦባት ደክሟታል፤ ሻይ ቤት፣ ላቦራቶሪ፣ ደግሞ የመበለት ኑሮ..." አለ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ወንድሜ ከወንዶቹ መሀል ቆሞ አያየኝም። ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

አለቃው በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ። "ልጄ፣ ይህን የምትዪውን በዚህ ደጅ ላይ ሆነሽ ትዪዋለሽ?"

"አዎ አባ። እዚሁ እላለሁ።"

"ክፋት አስበሽ ነው ያደረግሽው?"

"የለም አባ። የኛ ጠጠር ቆሽሾ እንዳይታይ ብዬ ነው።"

አለቃው ወደ ቢሮው ሰዎች ዞረው፣ "እንግዲያ ካባው ይኸው አጠገባችን ነው፤ ጥቁሩም ሜዳው ላይ ነው። ሁለቱም አሁን ይምጡና ሕዝብ እያየ ይሠራ" አሉ። የቢሮው ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ እሺ ከማለት ሌላ ምን ይሉ። አካፋውን ለወንድሜ ሰጡት። ወንድሜ ተቀብሎ እግራቸው ሥር ወረወረውና ሄደ። ሌላ ሰው ዛቀ፤ ጥቁሩና ወንፊቱም ከሜዳው በአህያ መጡ።

ልጅቷ እንደዚያ ቀን ክምሩን በአራት ቆረሰችው። አሁን ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ ማንም እጅ መርጦ እንዳያነሳ ነው። ለማድረቅና ለመመዘን ጊዜ ስለሚፈጅ፣ ሕዝቡ እንዲያየው ብላ ከሁለቱም አንዳንድ ቁና ወስዳ በዚያ ዓይነ ጠባብ ወንፊት ላይ በውሃ አጠበችው። በጥቁሩ ያለፈው ውሃ ትንሽ ጠቆር ብሎ ወረደ። በካባው ያለፈው እንደ ጉሽ ጠላ ሆኖ ወረደ፤ ቀይ፣ ወፍራም። ባልዲው ውስጥ ሲረጋ ከታች አንድ ስንዝር ጭቃ ተኛ። ከአሮጊቶቹ አንዷ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው።

"ይሄማ የገደሉ አፍ ጭቃ ነው" አለች።

የሳቀ የለም። ያጨበጨበም የለም። ሰው አንድ በአንድ ተበተነ፤ በአጠገቤ ሲያልፉ ነጠላቸውን ሰብሰብ እያደረጉ ነው፣ እንዳልነካቸው። ዘፈዘፋው ከአራት ቀን በኋላ ሲወጣ የካባው ጠጠር ለስልሶ በጣት ይወጋ ነበር፤ ጥቁሩ ግን ፍንክች አላለም። ሥራው ከሩቅ ለመጣው ተሰጠ።

ያቺ ልጅ አመሰገነችኝ ብላችሁ እንዳታስቡ። በዚያው ሐሙስ ኮንቴይነሩ ውስጥ ጠርታ በሩን ዘጋችው።

"ከዚህ በፊትስ? የስንቱን አበጥረሻል?"

"የሌላውን አልነካሁም።"

"በምን አምንሻለሁ?" ደብተሮቿን አንድ በአንድ እያነሳች ጠረጴዛው ላይ ትጥላለች። "የሦስት ወር ሥራዬ ነው! እጅሽ የነካውን ሁሉ እንደገና ልሠራው ነው፤ ገባሽ?"

"ስጠይቅሽ 'ዝም ብለሽ ጣዪው' አልሽኝ።"

የኮንቴይነሩን ቁልፍ እንድመልስ እጇን ዘረጋች። መልሼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ወንፊቱን ራሷ ስትነቀንቅ በመስኮት አያት ነበር፤ ትከሻዋን ስታሽ።

መንገዱ ተሠራ። መንገድ መዳመጫው ሩሎ ሲወጣ ሲወርድ ግድግዳዬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ክረምት ሙሉ ዘነበ፤ አንድ መታጠፊያ ላይ ስንጥቅ ወጣ፣ ሌላው ጸንቶ ቆመ። ነሐሴ ላይ እናቴን በባጃጅ ይዤያት ጤና ጣቢያ ወረድኩ፤ ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ሰዉ እስከዛሬ ሰልባጅ መንገድ ነው የሚለው። ይሄድበታል፣ ይሰድበዋል። ቤቴ ሻይ የሚጠጣ ያገር ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ያህል በመንገደኛ ብቻ ኖሬያለሁ።

ወንድሜ ካባውን ዘጋው። በተከታዩ ኅዳር ላይ፣ ከአባታችን የወረሰውን፣ እኔም እናቴም የምንጠጣበትን የማርያም ማኅበር ተወ። ማኅበርተኛ ተኳርፎ ጽዋ አይጠጣም፤ አለቃው ሊያስታርቁን ሦስት ጊዜ ልከውበት አልመጣም። ከሸለቆው ባሻገር ያለ ደብር ሄዶ ተቀበሉኝ አለ፤ ተቀበሉት። አሁን ወር በገባ በሃያ አንድ ጠዋት ተነስቶ፣ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ፣ እዚያ ይጠጣል።